ላሊበላ ቤተ ማርያም ኩሬ የገባችሁ አላችሁ? (ሌላም የስለት ድንጋይ ካለ አጫውቱን)

ሰላም_ሰ
ሰላም ቤቶች። ታላቅ እህቴ ካገባች ቆይታለች፤ ልጅ ግን አልመጣም። አማቷ "ዘንድሮ ለገና ላሊበላ ወስደን ቤተ ማርያም ግቢ ያለው ኩሬ ውስጥ እናስነክራት" ብለው ተነስተዋል። እህቴ እሺም እምቢም አላለችም። የፈራች መሰለኝ፤ ውሃውንም ሰውንም። እኔ አብሬያት ልሄድ ነው።

ነገሩ እንዴት ነው የሚደረገው? ማን ነው የሚጠየቀው? ምን ይዘን እንሂድ? የምሰማው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዷ ጓደኛዬ "በገመድ ታስረሽ ነው የምትወርጂው" ትላለች፤ ሌላዋ "ኧረ መረጨት ብቻ ነው" ትላለች።

እግረ መንገዴን ደግሞ፣ በእናንተ አገር ሰው ሲታመም ወይ ሲቸግረው የሚሄድበት የጥንት ድንጋይ፣ ትክል ድንጋይ፣ ፍልፍል ምናምን ካለ አጫውቱኝ። አማቷ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወሩ አፌን ከፍቼ ነው የምሰማቸው።

የላስታው
እንኳን በደህና መጣሽ እህቴ። ልክ የነገረችሽ የገመዷ ጓደኛሽ ናት።

ኩሬው ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ነው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያው ከቀዩ አለት ተፈልፍሎ የወጣ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል፤ ከላይ ላየው ሣር ያለበት መሬት ይመስላል። ስለዚህ ለማያውቅ አደገኛ ነው፤ ጥልቅ ነው። የምትገባዋ ሴት ከብብቷ ሥር በገመድ ትታሰራለች። ወንዶች ገመዱን ከዳር ሆነው ይይዛሉ። ቀስ አድርገው ያወርዷታል፣ ትነከራለች፣ ይስቧታል። አረንጓዴው ነገር ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ነው የምትወጣው። ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች እልልታውን ያቀልጡታል። ነገሩ ራሱ ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ የሚረዝመው ወረፋው ነው።

ዋናው ቀን ገና ነው፣ ታኅሣሥ 29። በእኛ አገር በዓሉ ድርብ ነው፤ የጌታ ልደትም የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ያድርና ጠዋት ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ይዘመራል። ግማሹ ካህን ከላይ ማሜ ጋራ ላይ ይቆማል፣ ግማሹ ከታች ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ። እየተቀባበሉ ነው የሚያሸበሽቡት። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። እሱን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ለኩሬው ብቻ የመጣ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ብርዱን አትናቁት። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ የታኅሣሥ ጠዋት አጥንት ይገባል። ከመምጣታችሁ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። እዚህ ስትደርሱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ጠይቁ። መንገድ ላይ "እኔ አስገባሻለሁ፣ ብር ስጪኝ" የሚልሽን እለፊው።

ስለቱን በተመለከተ፣ ሰው "ልጅ ከሰጠሽኝ ጥላ አመጣለሁ፣ ምንጣፍ አመጣለሁ፣ ጧፍ አመጣለሁ" ይላል። ከአቅማችሁ በላይ እንዳትሳሉ። አማቶች በሰው ኪስ መሳል ይወዳሉ። (ያንቺዎቹን አማት አላልኩም።)

ቀልደኛው
ድንጋይ ካዳነማ እኔ ጠዋት ማታ ኮብልስቶን ላይ ነው የምመላለሰው። እስካሁን መዳን ነበረብኝ ሃሃሃ

እትዬ_ጦቢያ
ልጄ ቀልደኛው፣ ያንተን ኮብልስቶን ማንም ቅቤ ቀብቶት አያውቅማ።

ሰላምዬ፣ እኔ ያደግኩበት ቀበሌ አድባር ነበረን። ዋርካ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ትልቅ ድንጋይ አለ። ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም፤ ጠይቆም የሚያውቅ የለም። ለግንቦት ልደታ ሴቶቹ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ቡና ይዘው ይወጣሉ። ሣር ይጎዘጎዛል። ከሁሉ ትልቋ እናት ትነሳና ድንጋዩን ለጋ ቅቤ ትቀባዋለች። በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚቀባው፤ ያ ጎኑ ከብዛቱ ጠቁሮ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቅ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ቅቤው ቀልጦ ወደ ሣሩ ይወርዳል፣ ዝንብ ይወረዋል። እኛ ልጆች ንፍሯችንን እየቃምን የዝንቡን ብዛት እናያለን።

ምን ይለምናሉ መሰላችሁ? ልጅ ያጣች ልጅ። ልጇ የታመመባት ጤና። ላሟ የነጠፈችባት ወተት። የሁሉንም ትልቋ እናት ናት ጮክ ብላ የምትለው፤ ሌላው አሜን ይላል። የማንም ጉዳይ ለብቻው አይቀርም፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። እነዚሁ ሴቶች እሑድ ቅዳሴ አስቀዳሾች ናቸው። እናቴም አንዷ ነበረች።

የቄስ_ልጅ
እትዬ ጦቢያ፣ አይቆጡኝና ሁለቱ አንድ ላይ ባይነሱ ይሻላል። ላሊበላ ላይ ማንም ለድንጋዩ አይሳልም። የሚሳለው ለእመቤታችን ነው። ውሃው ጸበል የሆነው በጸሎት ነው። ለድንጋይ ቅቤ መቀባት ግን ባዕድ አምልኮ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትቃወመው ኖራለች። አፄ ዘርአ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ደስክና ዲኖ የሚባሉትን አምልኮዎች በጽኑ ያሳደዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰላም፣ እህትሽ መግባት ከፈለገች ትግባ። ግን ጾመ ነቢያትን ጹሙ፣ ንስሐ ግቡ፣ ብትችሉ ቁረቡ። "ኩሬው ያስወልዳል" ብሎ እንደ ክኒን ማየት ለእምነትም አይጠቅምም።

እትዬ_ጦቢያ
አልቆጣህም ልጄ። እናቴን ግን ባዕድ ስትላት ብትሰማህ በጭልፋ ነበር የምትመታህ።

ነርስ_ቲቲ
በኦርቶዶክስ ቤት ያደግኩ ነርስ ነኝ፤ ስለዚህ ማንም "አታምኚም" እንዳይለኝ። ሰላም፣ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። የእህትሽ ባል ተመርምሯል ወይ?

ልጅ ያለመውለድ ችግር ከሴቷም ከወንዱም ሊመጣ ይችላል፣ ከሁለቱም አንድ ላይም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ ይህ ያጋጥመዋል። እኛ አገር ግን ወንዱ ቤቱ ተቀምጦ ሴቷ ናት ከጸበል ጸበል የምትዞረው። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የዘር ፈሳሽ ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ ነው። መርፌም ቢላም የለውም።

ጸበሉን አልቃወምም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ለጸበል ብሎ እንዳያቋርጥ። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ያኔ እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ መድኃኒታቸውን የጣሉ ሰዎች ነበሩ። የፓትርያርኩ ቃል እኛ በስብከት ያልቻልነውን ነው የሠራው።

ስለ ኩሬው ደግሞ፦ የቆመ ውሃ ነው፣ አይጠጣ። አፏን ዘግታ ትግባ። የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ካለባት ለሚይዟት ሰዎች ቀድማ ትንገር። እርጉዝ ልትሆን ትችላለች የሚል ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ያን ገመድ ሆዷ ላይ እንዳታስሩ!

ቀልደኛው
እርጉዝ ከሆነችማ ምን ልትሠራ ትገባለች

ነርስ_ቲቲ
@ቀልደኛው ሰው ሁልጊዜ ወዲያው ያውቃል መሰለህ? ሂድ ተኛ።

የባሌ_ልጅ
ውይይቱ ደስ ሲል። እኔ የድሬ ሼክ ሁሴንን ላውራችሁ። ባሌ ውስጥ ነው። ሼክ ሁሴን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ወሊይ (የእስልምና ቅዱስ ሰው) ናቸው። ቦታው ከሩቅ ነው የሚታየው፤ ቅጥሩም መቃብሩም ነጭ በነጭ ተቀብቷል።

ተጓዦቹን ጋሪባ እንላቸዋለን። ጫፏ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀች ባላ በትር ይይዛሉ። ያችን በትር የያዘ መንገደኛ መጥቶ ማሳደር እምቢ የሚል ቤት ድሮ አልነበረም። ለአረፋ ሲሆን ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከየትም ይጎርፋሉ። ሌሊቱን ባህሮ የሚባለው ዜማ ሲዜም ያድራል፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጭብጨባው አያቆምም።

መቃብሩ ውስጥ የሚገባው በቁመት አይደለም። በሯ ትንሽ ናት፤ ሀብታምም ሆንክ ባለሥልጣን በእጅህና በጉልበትህ ድኸህ ትገባለህ። አያቴ ጋር ስገባ ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ወፍራም ነበሩ። በሯ ላይ ተይዘው ቀሩ። ከኋላ እኛ እየገፋን፣ ከውስጥ ሌላው እየጎተተ፣ እሳቸው ደግሞ በዚያ መሀል ዱዓቸውን አላቋረጡም። ከወጡ በኋላ ጉልበታቸውም ግንባራቸውም ነጭ ሆኗል። ነጩን አፈር ነው ሰው ለበረካ ግንባሩ ላይ የሚቀባው። ለታመመ ዘመድ ቋጥሮ የሚሄድም አለ። ልጅ የለመነች ሴት ስለቷ ሲደርስ ከብትም ቢሆን እየነዳች ትመለሳለች። ሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያንም ይመጣል።

የቄስ ልጅ ያነሳው ክርክር በእኛም ቤት አለ። "መቃብር መለመን ሺርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው" የሚሉ ወጣቶች በዝተዋል። አያቴ መልሷ አጭር ነበር፦ "እኔ አላህን ነው የምለምነው፤ የምለምንበትን ቦታ ግን ማንም አይመርጥልኝም።"

ድንጋይ_ቆጣሪ
አርኪዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ላሰለች። ስለ ትክል ድንጋይ ያወራ ስለሌለ ጢያን ላንሳ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ሶዶ ውስጥ ነው። በአጥሩ ውስጥ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። 32ቱ የተቀረጸ ምልክት አላቸው። በብዛት የሚታየው ሰይፍ ነው። አንዳንዱ ላይ ሰይፉ ተደርድሮ ትቆጥረዋለህ፤ አንዳንዱ ላይ የእንሰት ቅጠል የሚመስል አለ፣ ሌላው ላይ የራስ ትራስ የሚመስል። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል።

ያገሩ ሰው ድሮ "የግራኝ ድንጋይ" ነበር የሚለው። ግራኝ አህመድ በሰይፉ እየወጋ ተከላቸው ይባላል። ግራኝ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ድንጋዮቹ ከእሱ በብዙ ይቀድማሉ። ሲቆፈር ከሥራቸው መቃብር ነው የተገኘው። የተቀበሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመቱ፣ እግራቸው ታጥፎ ተኮራምተው የተኙ። ማን እንደነበሩ ሲረሳ ሰው ለድንጋዩ ሌላ ባለቤት ሰጠው፤ የሚያውቀውን ኃይለኛ ሰው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ላይ የሚታየው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነው የሚባለው ኮቴም ለኔ ከዚሁ ወገን ነው። ትልቅ ድንጋይ ያለ ታሪክ ዝም ብሎ አይቆምም።

አሁን ወደ ልመናዬ። ኩሬውም ይሁን፣ ጎንበስ ብላችሁ ተሳለሙ፣ ተሳሉ፣ ደስ ያላችሁን አድርጉ። ግን ግድግዳ አትፋቁ። የላሊበላ አለት እሳተ ገሞራ የወለደው ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ በመሮ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣው የቻለውም ለስላሳ ስለሆነ ነው። ዝናብና እርጥበት እየበላው ነው፤ ያ ብዙ ሰው የሚያማርረው የብረት መጠለያ በ2008 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለዚሁ ነው። በላዩ ላይ የበዓሉ ሕዝብ አለ። አንድ ሰው በጥፍሩ ቢፍቅ ምንም አይደለም። ያ ሁሉ ምዕመን ለየዘመዱ አንዳንድ ቁንጥር ቢወስድ ግን የልጅ ልጃችን የሚሳልበት አያገኝም። ጧፍም ግድግዳ ላይ አታስጠጉ፣ ጥላሸቱ አይለቅም።

የላስታው
ድንጋይ ቆጣሪ፣ ፍቆ የሚወስድ ሰው እኛም እንቆጣለን። ለእምነት የሚሆን አፈር ቤተ ጎልጎታ አለ፤ የቅዱስ ላሊበላ መቃብር ያለበት ነው። ከዚያ አፈር ወስዶ የታመመን ሰው መቀባት የቆየ ነው። ሰላም፣ ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም፤ ከፈለጋችሁ ወንድ ዘመድ ይዛችሁ ኑ፣ ወይ ካህኑን ለምኑ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስድ ጨለማ ዋሻ አለ፣ ሲኦል ነው የሚባለው። ያለ መብራት ነው የሚታለፈው፤ አንድ እጅሽ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው አናትሽ ላይ፣ እንዳትመቺ። እህትሽ ካመነታች ከኩሬው በፊት እሱን ትለፍ። ከዚያ ወጥቶ ብርሃን ያየ ሰው ውሃውን አይፈራም።

ሎንዶኔ
እኔ ያለሁት እንግሊዝ ነው፤ እዚህም ይሄው ነው ስላችሁ እመኑኝ። በምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል የሚባል አገር አለ። እዚያ ሜዳ ላይ መሀሉ ክብ ሆኖ የተበሳ ድንጋይ ቆሟል፣ ሜን አን ቶል ይባላል። ከፊቱና ከኋላው ሁለት አጫጭር ድንጋዮች ቆመዋል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በጥንት ጊዜ ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። የቅርብ ዘመን ገበሬዎች ግን ሥራ ሰጥተውታል። ሪኬትስ የሚባል የአጥንት በሽታ ይዞት እግሩ የተቆለመመ ሕፃን ራቁቱን ሦስት ጊዜ በቀዳዳው ውስጥ እያሾለኩ ያሳልፉት ነበር። ወገቡን የሚያመው አዋቂ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ይድህበታል። የባሌው ወንድሜ፣ የእናንተን ወፍራም ሰውዬ ሳነብ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ሳይርቅ ማድሮን የሚባል ጸበል አለ። የታመመ ሰው ከልብሱ ቁራጭ ጨርቅ ቀዶ ዛፉ ላይ ያስራል፤ ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮ ያልቃል ነው ነገሩ። አሁን ግን ጎብኚ ፕላስቲክና ናይለን እያሰረ አስቸግሯል። የማይበሰብስ ጨርቅ ያሰረ ሰው ሕመሙ መቼ ሊለቀው ነው?

እንዲያውም እዚህ ያለውን ትልቁን የጥንት ትክል ድንጋይ፣ ስቶንሄንጅን ተመልከቱ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄፍሪ ኦቭ ሞንማውዝ የተባለ ካህን የጻፈውን ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ድንጋዮቹ መድኃኒት ናቸው ይላል። ግዙፋን ሰዎች ውሃ ያፈሱባቸውና በውሃው ይታጠቡ ነበር፤ ቁስለኛም ይድንበት ነበር። ከየት መጡ ሲባል ደግሞ፣ ግዙፋኑ ከአፍሪካ ጫፍ ተሸክመው ወደ አየርላንድ ወሰዷቸው፣ ከዚያ መርሊን የተባለ ጠንቋይ ወደ እንግሊዝ አመጣቸው ይላል። ተረት ነው፤ ግን ለተረቱ ከአፍሪካ ሌላ የተሻለ የመድኃኒት አገር አልታየውም።

የቄስ ልጅ፣ ያንተም ወገን እዚህ አውሮፓ ሞልቷል። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ789 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ዛፍ፣ ድንጋይና ምንጭ ጋ የሚደረገውን ሥርዓት ከልክሏል። ከዚያ በኋላ እንኳን ድንጋዩ ስንት ዘመን በቅቤ፣ ይቅርታ፣ በሻማ ኖሯል።

ቀልደኛው
ከአፍሪካ ነው የሄደው ካሉ ታዲያ ይመልሱልና። ጣሊያን መልሳ የለ

ማይ_ሹም
ቀልደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ተናገረ። ጣሊያን ግን የአክሱምን ሐውልት ቀስ ብላ ነው የመለሰችው፤ በ1937 ወስዳ በ2005 መለሰች። 24 ሜትር ርዝመት፣ 160 ቶን ገደማ፤ በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን መጣ። ተመልሶ የቆመው በ2008 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ከጎኑ መሬት ላይ ተሰባብሮ የተኛው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ነው።

ሰላም ለጠየቅሽው፣ እኛ አክሱም ሰው ለሐውልቱ አይሳልም። ስለቱ ለጽዮን ነው፣ ለኅዳር 21። ሐውልቶቹ ያሉት ከጽዮን ፊት ለፊት ስለሆነ ግን ተሳላሚው ሁሉ በእነሱ ሥር ነው የሚያልፈው። ውሃ ካልሽ ማይ ሹም አለ፤ ሰው የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ ይለዋል። በጥምቀት ወጣቱ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ይዘልበታል።

እኛ አገር የሚፈራ ድንጋይ ግን አለ። የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ ነው፤ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተጻፈ። ገበሬዎች እርሻ ላይ ነው ያገኙት፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.። ከቦታው ያነሳኝ ሰው ያለ ጊዜው ይሞታል የሚል እርግማን አለበት። ስለዚህ ማንም ደፍሮ አላነሳውም። እዚያው ባለበት ትንሽ ቤት ተሠራለት። ድንጋይ ቆጣሪ፣ ለቅርስ ጥበቃ ከዚህ የተሻለ ሕግ ታውቃለህ?

ድንጋይ_ቆጣሪ
@ማይ_ሹም አላውቅም። ቤተ ማርያም ግድግዳ ላይም "የፋቀኝ አማት ይብዛበት" ብለን እንጻፍበት።

ዝም_አልልም
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ ገብቻለሁ። ስለዚህ ሰላም፣ ለእህትሽ አንብቢላት።

ገመዱ አያምም፤ ነጠላ ከሥሩ ካደረጉልሽ። ውሃው ሲነካሽ ትንፋሽሽ ይቆማል፤ ጸሎትሽንም ትረሺዋለሽ። እኔ "ማርያም ማርያም" ብቻ ነው ያልኩት። ስወጣ ከማላውቃት ሴት አንዷ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችኝ። ስሟን እንኳ አላወቅኩም። ከዚያ ጉዞ የቀረኝ ደግ ነገር እሷ ናት።

ያስከፋኝ ካሜራው ነው። ከላይ ጠርዙ ላይ ቱሪስቱም የኛውም ሰው ስልኩን ደቅኗል። እርጥብ ቀሚስ ሰውነትሽ ላይ ተለጥፎ፣ ፀጉርሽ ላይ አረንጓዴ ተንጠልጥሎ፣ ፈረንጅ ያነሳሻል። ማንም አይጠይቅሽም።

ከዚያ ቤት ተመለስኩ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚያየው ሆዴን ነው። አንዷ ስትስመኝ ሆዴን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ነው። ወራቱ ሲያልፍ ወሬው ተቀየረ። "በሙሉ ልቧ አልገባችም" ተባለ። "ስለቱ አንሶ ነው" ተባለ። አንድ ቄስ ብቻ ናቸው "ልጄ፣ እግዚአብሔር የሚሰጠውም የሚያዘገየውም በምክንያት ነው፣ አንቺ አልበደልሽም" ያሉኝ።

ኋላ ላይ ሁለታችንም ተመረመርን። ችግሩ ከእሱ ነበር። ታዲያ እሱን ኩሬ ግባ ያለው ማንም የለም። "ይታከማል፣ ምንም አይደል" ነው የተባለው። እኔ በዚያ ብርድ በገመድ ስወርድ ግን ያገሩ ሰው እልል ብሏል።

ማርያምን አልቀየምኩም፤ ዛሬም ዓመታዊ በዓሏን አላልፍም። የተቀየምኩት ሰውን ነው።

ነርስ_ቲቲ
እህቴ፣ ሰላም ይስጥሽ። ይሄን ጽሑፍሽን የሥራ ቦታዬ በር ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኝ ነበር።

የቄስ_ልጅ
ዝም አልልም፣ ቄሱ ልክ ናቸው። "እምነቷ ጎድሎ ነው" የሚለው አነጋገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሐናና ኢያቄም ስንት ዘመን ነው በመካንነት የተሰደቡት? ሁለቱም ነው የተሰደቡት፤ መሥዋዕቱን ይዞ ሄዶ የተመለሰው ደግሞ ኢያቄም ነው፣ ወንዱ። ይሄን እኛ ሰባኪዎቹ በደንብ አናወራውም።

እትዬ_ጦቢያ
ልጄ ዝም አልልም፣ ነፍስሽን ይማረውና በአድባሩ ጊዜ አንድ ደንብ ነበረን። የተለመነው ባይሆን ማንም ሴትዮዋን አይጠይቅም ነበር። የሚወቀሰው አድባሩ ነው። "ዘንድሮ አኩርፏል፣ ቅቤው አልበቃውም" ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት ይጨመርለታል። ሴትዮዋ ንፍሮዋን ትቅማለች። የቄስ ልጅ አትቆጣ፣ መልሱልን አላልኩም።

ሰላም_ሰ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእህቴ ሁሉንም አነበብኩላት፤ የዝም አልልምን ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ "ልገባ እፈልጋለሁ፣ ግን እሱ መጀመሪያ ይመርመር" አለች። ለባሏ የምትነግረው እሷ ናት። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የመካንነት ሕክምና ክፍል አለ ብላ ጓደኛዋ ነግራታለች፤ እዚያ ነው ያሰቡት። ባልየው "ሥራ በዝቶብኛል" ብሏል። እናያለን።

አማቷ ዋሻውን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ "ልጄም ይለፍበት፣ እሱም ሲኦሉን ይቅመስ" አሉ። ሴትዮዋን ክፉ አድርጌ ስዬላችሁ ከሆነ ይቅርታ።

የላስታው፣ የካሜራውን ነገር ምን ማድረግ ይቻላል? እሱ ነው አሁን የቀራት ፍርሃት።

የላስታው
ካሜራው እውነት ነው፣ እኛንም ያሳፍረናል። ሰዉን ማስቆም አይቻልም፤ መከለል ግን ይቻላል። አብረዋት ከሚመጡ ሴቶች ሦስት አራት ሆናችሁ በውሃው ጠርዝ ነጠላ ዘርግታችሁ ቁሙ፤ ስትወጣ ወዲያው ከበቧት። ከላይ ያለው ሰው ነጠላ ብቻ ነው የሚያነሳው። ገመድ ለሚይዙት አገልጋዮችም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ሰው ገለል ያደርጋሉ። ልብሷ ወፈር ያለ ጥቁር ቢሆን ይሻላል፤ ነጭ ሲረጥብ ሁሉን ነገር ያሳያል።

መንገዱን በተመለከተ፣ የመኪናውን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ እንዳለፈው ዓመት ይሆናል ብላችሁ አትነሱ። በአውሮፕላን ከሆነ ትኬቱን አሁኑኑ ቁረጡ፣ ለገና ሳምንት መቀመጫ አይገኝም። ማደሪያም እንደዚያው። ካጣችሁ እንግዳ የሚያሳድር ቤት አይጠፋም፣ እኔም እጠይቅላችኋለሁ።

ለእህትሽ ሁለት ጋቢ ይዛችሁ ኑ። አንዱ ይረጥባል፤ ሌላው በፌስታል ታስሮ እስክትወጣ አንቺ እጅ ይቆይ።